ምን አላሳዩንም?

እትዬ አስካለ ማረፋቸውን የሰማሁት ታክሲ ውስጥ ነው፤ በስልኬ። የድሮ ሰፈራችን ከፈረሰና ከተበታተንን ወዲህ በስልክ የምንገናኝበት ቡድን አለን። ጠዋት አንዱ የፍሪጅ ማስታወቂያ ለጠፈበት፣ ሌላዋ ስለ ነጭ ሽንኩርት ጥቅም የሚያወራ ነገር ላከችበት፣ ከዚያ ቀጥሎ «እትዬ አስካለ ዐርፈዋል፣ ነፍስ ይማር» ይላል። ከሥሩ ደግሞ ቪዲዮ አለ። እሱን ለመክፈት እጄ እምቢ አለኝ። ረዳቱ «ሒሳብ!» እያለ ትከሻዬን ይነካካል፣ እኔ ደርቄ ቀርቻለሁ።

ኧረ እንደው ምን ዓይነት ዘመን ላይ ደረስን! መርዶ እኮ እንዲህ አልነበረም። በእኛ ሰፈር መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። ባለቤቱ ከቤቱ ሳይወጣ ጎረቤትና ዘመድ ተሰባስቦ ይሄድና በሩን ያንኳኳል። ምነው በደኅና? የሚል የለም። በዚያ ሰዓት ያን ያህል ሰው ደጅህ ከቆመ ነገሩ ገብቶሃል። ብትወድቅ የሚይዝህ ክንድ አለ፣ ደረትህን ብትመታ እጅህን የሚቀማህ ሰው አለ። እኔን አሁን ማን ይያዘኝ? አጠገቤ የተቀመጠው ጎረምሳ ጆሮውን በማዳመጫ ደፍኖ ይወዛወዛል።

ደግሞስ ከሰው ሁሉ የእሳቸው መርዶ በዚህ መንገድ ይምጣ? ያናድዳል። እሳቸው ቢሆኑ ግን አይናደዱም ነበር። «አየሽ አይደል ሰናይት? ነግሬሽ ነበር» ብለው ይስቁብኝ ነበር።

እስቲ ከመጀመሪያው ልጀምር። ያን ጊዜ፣ በደርግ ዘመን፣ የምንኖረው ጊዮርጊስ አጠገብ አንድ ግቢ ውስጥ በተደረደሩ የቀበሌ ቤቶች ነው። እኔ ቸርችል ጎዳና ላይ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ሻጭ ነበርኩ፣ ከእናቴ ጋር አንዲት ክፍል ውስጥ እኖራለሁ። እትዬ አስካለ ጎረቤታችን ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ ያላቸው ፍስሐ የሚባል አንድ ልጅ ነው። ፒያሳ ካሉት ሲኒማ ቤቶች በአንዱ በር ላይ ቆመው የተመልካቹን ትኬት ለሁለት ይቀዱና ግማሹን ይመልሳሉ። ሥራቸው ይኸው ነው።

ከዚህ የተነሣ እጃቸው ዐመል አውጥቶ ነበር። ወረቀት ከያዙ አበቃ! እያወሩ ሳያውቁት ለሁለት ይቀዱትና ግማሹን ለሰጣቸው ሰው ይመልሱለታል። አንድ ቀን ጋሽ ወልዴ፣ ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን፣ ከቀበሌ የመጣ የስብሰባ መጥሪያ አቀበሏቸው። ጨዋታቸውን ሳያቋርጡ ቀደዱና ግማሹን መለሱላቸው።

«አስካለ! ምን አደረግሽ? የቀበሌ ማኅተም ያለበት ወረቀት እኮ ነው!» ጋሽ ወልዴ ሊያብዱ ደረሱ።

«ምን አለበት፣ ከስብሰባው ግማሹን አንተ ትቀመጣለህ፣ ግማሹን እኔ» አሉ።

ጋሽ ወልዴ ደግሞ ፈሪ ናቸው፤ ፈሪ ስል በክፋት አይደለም፣ ብዙ ያዩ ሰው ናቸው። ባርኔጣቸው ከራሳቸው ላይ አትወርድም። ጥልፍልፍ ያለች ቡናማ ባርኔጣ ናት። ሲበሉም፣ ሲሰፉም፣ ሲጣሉም እሷው ናት። ወርዳ ያየናት ቤተ ክርስቲያንና ለቅሶ ቤት ብቻ ነው።

የግቢያችን ቴሌቪዥን የእትዬ አስካለ ነበር። ማዶ ወርቅ ቤት የነበራቸው አንድ አርመን አገር ለቀው ሲሄዱ «አስካለ፣ ይሄን አንቺ ያዢው» ብለው ትተውላቸው ነው እንጂ በትኬት ቀዳጅ ደሞዝማ ከየት ይመጣል። ጥቁርና ነጭ ነው። ላዩ ላይ ራሳቸው የሠሩት ነጭ ዳንቴል ተዘርግቶበታል። ማታ የዜና ሰዓት ሲደርስ ግቢው በሙሉ በርጩማውን ይዞ ይመጣል። እሳቸው በሩ ላይ ይቆሙና «ትኬት!» ይላሉ። መዳፋችንን ዘርግተን እናሳያለን፣ መታ አድርገው ያስገቡናል። ዳንቴሉን ያነሡና አጣጥፈው ጭናቸው ላይ ያስቀምጣሉ። ዜናው ሲያልቅ ብድግ ብለው ቴሌቪዥኑን ያጠፉታል፣ ዳንቴሉን ያለብሱታል፣ ወደ እኛ ይዞራሉ።

«እሺ» ይላሉ፣ «ምን አላሳዩንም?»

ወይ ጉድ! ያ ዘመን እኮ ሰው ከገዛ ጥላው ጋር እንኳ የሚተማመንበት ዘመን አልነበረም። መጀመሪያ ሰሞን ይህን ሲጠይቁ ሁሉም የበርጩማውን እግር ያይ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ለመድነው። አንድ ማታ የመንግሥት እርሻ ላይ የተቆለለ ሽንኩርት አሳዩን። ተራራ ነው የሚያህለው። እትዬ አስካለ ሲጠይቁ እናቴ ምን ብትል ጥሩ ነው፣ «ወደዚህ የሚያመጣውን መኪና አላሳዩንም። ዛሬ አትክልት ተራ ዞሬ ዞሬ ልጣጩን እንኳ አጣሁ።» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

«ኧረ ተይ አንቺ ሴትዮ፣ አታስፈጂን» አሉ ጋሽ ወልዴ። «በቴሌቪዥን ታየ እኮ! ሽንኩርቱ አለ ማለት ነው።»

«በቴሌቪዥን ታየ እኮ» የጋሽ ወልዴ የመጨረሻ ማስረጃቸው ነበር። ከዚያ በላይ ክርክር የለም።

እትዬ አስካለ ግን ብዙ ዓመት ሲኒማ በር ላይ የቆሙ ሰው ናቸው። «ፊልም ሞት አያውቅም» ይሉ ነበር። አንድ የታወቀ የህንድ ተዋናይ የሞተ ሰሞን እሳቸው ሲኒማ ቤት ፊልሙ እየታየ ነበር አሉ። ሰውየው በአበባ መሀል ሲዘፍን አንዲት ሴት ከመሀል ተነሥታ «አልሞተም! ይኸውና አልሞተም!» እያለች ጮኸች። እትዬ አስካለ እጇን ይዘው አወጧት፣ በረንዳው ላይ አስቀመጧት፣ ውኃ ሰጧት። «እመቤት፣ ይሄ የምታዪው ትናንትና ነው። መልሰው መልሰው የሚያሳዩን ትናንትና» አሏት። ይህንን ሲያጫውቱን ሁልጊዜ እንስቅ ነበር። ሴትየዋን ነበር የምንስቅባት።

ወሬው ቀበሌ መድረሱ አልቀረም። የቀበሌው የውይይት ኃላፊ ጓድ አሰፋ አንድ ማታ ሳይጠሩት መጣ። ወጣት ነው፣ ሸሚዙ እስከ አንገቱ የተቆለፈ። እትዬ አስካለ በር ላይ ቆመው «ትኬት!» አሉት። ግራ ገባው፤ እኛን አየና መዳፉን ዘረጋ። መታ አድርገው አስገቡት። ዜናው አለቀ፣ ዳንቴሉ ለበሰ። ዛሬስ አይጠይቁም ስንል ዞሩና «ጓድ፣ ምን አላሳዩንም?» አሉት።

«ሁሉም ነገር ታይቷል» አለ ጓድ አሰፋ።

«አንተን አላሳዩህም። ስንቱን ስብሰባ ስትመራ ትውላለህ፣ አንድ ቀን እንኳ ብቅ አያደርጉህም እንዴ? ቅር ይለኛል።»

ሳያስበው ሳቀ። በነጋታው ግን ቀበሌ አስጠራቸው። «ለምንድን ነው ቴሌቪዥኑን አጥፍተው ሕዝብ የሚያወያዩት?» ሲላቸው «ጓድ፣ ተወያዩ የምትሉን እናንተ፣ ስንወያይ የምትከሱን እናንተ፣ የቱን እንሁን?» አሉት። በማስጠንቀቂያ ለቀቃቸው። እኔ ፈርቼ እያለቀስኩ «እትዬ፣ ምናለ ቢተዉት?» አልኳቸው።

«ስሚኝ» አሉ። «ሳጥኑ ክፉ አይደለም። መስኮት ነው። በመስኮት ማየት ጥሩ ነው፤ ግን ሰው መስኮት ላይ ሲያፈጥ ግድግዳውን ይረሳል። እኔ የምፈራው ይሄን መርሳት ነው።»

ከዚያ ፍስሐ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠራ። ፍስሐ አራዳ ነበር፤ አፉ የማይደርቅ፣ ሳቂታ፣ በሳቀ ቁጥር በአውራ ጣቱ ቅንድቡን የሚያሽ። «እማዬ፣ ስመለስ በነጻ ታስገቢኛለሽ» ብሎ ሄደ። ከሰሜን ደብዳቤ ይልክ ነበር፣ ከዚያ ተወ። እትዬ አስካለ አላለቀሱም። ግን ጦሩን የሚያሳይ ፕሮግራም ሲመጣ ከበርጩማቸው ወርደው፣ ምንጣፉ ላይ ተንበርክከው፣ አፍንጫቸው መስተዋቱን ሊነካ እስኪደርስ ይጠጋሉ። እኛ ከኋላ የምናየው ነጠላቸውን ብቻ ነበር። ማንም «ዘወር ይበሉልን» አላለም።

መስቀል ባለፈ ሰሞን ነው። ወታደሮች ክብ ሠርተው ተቀምጠው ኮቾሮ፣ የወታደር ደረቅ ዳቦ፣ ይበላሉ። ከኋላቸው አንዱን ጀሪካን አደናቅፎት ሊወድቅ ሲንገዳገድ ሁሉም ይስቃሉ። ከመካከላቸው ከሲታው፣ ጠጉሩ የተላጨው ልጅ ሳቀና አውራ ጣቱን ወደ ቅንድቡ ሰደደ።

«ልጄ!»

ምን ልበላችሁ። ግቢው ቀውጢ ሆነ። እልልታው ጊዮርጊስ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። እናቴ ታለቅሳለች፣ ጋሽ ወልዴ «ነግሬሽ የለም! ነግሬሽ የለም!» እያሉ መሬቱን ይረግጣሉ፣ እኔ እትዬ አስካለን አቅፌ እዘላለሁ። ደስ አይልም እንዴ? ደስ ይላል! ፕሮግራሙ መቼ እንዳለቀ ማንም አላወቀም። ዳንቴሉ ወለል ላይ ወድቆ ቀረ። በዚያች ማታ «ምን አላሳዩንም?» አልተባለም።

በማግሥቱም አልተባለም። ከዚያ በኋላም አልተባለም። እትዬ አስካለ ሌላ ሰው ሆኑ። ቴሌቪዥኑ ገና ሲከፈት ከፊቱ ይቀመጣሉ፣ መዝሙር ተዘምሮ እስኪዘጋ አይነሡም። ድል ሲባል ያጨበጭባሉ። እህል ሲታይ «ተመስገን» ይላሉ። እናቴ አንድ ማታ እንደለመደችው «ዋጋውን አላሳዩንም» ብትል እንዴት አድርገው እንዳዩዋት!

«ልጄን ያሳየኝ ይዋሻል? የሽንኩርቱ ውሸት ከሆነ የልጄም ውሸት ሊሆን ነዋ!» አሏት።

አሁን ሳስበው ያ ንግግር ያስፈራኛል። አስተዋይ ሴት እኮ ናቸው። ግን ማመን የፈለጉት አንዲት ነገር ነበረች፤ እሷን ለማመን ሁሉንም ማመን ነበረባቸው።

በዚያው ሰሞን ጋሽ ወልዴ ቁስለኛ ዘመዳቸውን ሊጠይቁ ሆስፒታል ይሄዳሉ። አጠገቡ የተኛው ወታደር የፍስሐ ጓደኛ ሆኖ ተገኘ። ጋሽ ወልዴ «ደኅና ነው አይደል?» ብለው ይጠይቁታል። ልጁ ፊቱን አዞረ አሉ። ፍስሐ ከክረምት በፊት ሞቷል። ጓደኛው በገዛ እጁ ነው የቀበረው።

ጋሽ ወልዴ እኛ ቤት መጥተው ይህን ነገሩን። አያችሁ ነገር ሲገለበጥ? ያን ሁሉ ጊዜ ቴሌቪዥን ያለውን የሚያምኑት እሳቸው አሁን «ሞቷል» ይላሉ፤ እኛ ያን ሁሉ ጊዜ ስንጠራጠር የኖርነው ደግሞ «አይተነዋል እኮ!» እንላለን። እናቴ «ስም ተመሳስሎበት ይሆናል» አለች። እኔ «ቁስለኛ ነው፣ ሲቃዥ ይሆናል» አልኩ። ከክረምት በፊት የሞተ ሰው በመስቀል ሲስቅ አይተን እንዴት እንመን? የምንስቅባት የሲኒማዋ ሴት ሆነን አረፍነው፤ ያን ጊዜ ግን አልታየንም።

በመጨረሻ ጋሽ ወልዴ «ልጁ የፍስሐን ቅንድብ እያሳየ ነው የነገረኝ፣ ሰዎች። አውራ ጣቱን እንዲህ አድርጎ» ብለው አሳዩን። ከዚያ በኋላ የሚጠራጠር አልነበረም።

በማለዳ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ተሰብስበን ሄድን። ጋሽ ወልዴ ከፊት ናቸው። በሩን ሳናንኳኳ ተከፈተ። እትዬ አስካለ ሻሽ አስረው፣ እጃቸው እስከ ክርናቸው በዱቄት ሙጫ ተለውሶ ቆመዋል። የፍስሐን መኝታ ግድግዳ በጋዜጣ ሊለጥፉ ከንጋት በፊት ነበር የተነሡት። አሮጌው ተልጦ ወልቋል፣ አዲሱ ጋዜጣ ወለሉ ላይ ተከምሯል።

በዚያ ሰዓት ያን ያህል ሰው ደጃቸው ቆሞ ነገሩ አልገባቸውም። የሞተ ልጅ ያላቸው ሰው አይደሉማ!

«ውይ የኔ ጌቶች! ማን ነገራችሁ? ልታግዙኝ ነው?» አሉ፤ ፊታቸው በራ። «በሉ ግቡ። ወልዴ፣ አንተ ቁመትህ ደኅና ነው፣ ከላይ በኩል ለጥፍልኝ። መጥቶ ይሄን ግድግዳ ሲያይ ምን ይለኛል?»

የሙጫውን ጣሳ አስያዟቸው። ጋሽ ወልዴ እኛን አዩ፣ እኛ እሳቸውን አየን። ገቡ። ተከትለን ገባን። መርዶ ልንናገር የሄድን ሰዎች ጋዜጣ ስንለጥፍ አረፈድን። ጋሽ ወልዴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አድርገው፣ እንባቸው ጋዜጣው ላይ እየወረደ፣ አንዱን በአንዱ ላይ ይለጥፋሉ። እትዬ አስካለ ከኋላቸው ሆነው «አጥብቀህ እሸው፣ እንዳይላቀቅ» ይሏቸዋል። እኔ ያን ቀን ሥራ ገብቼ ጨርቁን በሙሉ አጣምሜ ቆረጥኩ።

ከዚያ ወዲያ እንደገና ለመሄድ ወኔው ጠፋ። ነገ ከነገ ወዲያ እያልን ስንት ሳምንት አለፈ። እሳቸው ለፍስሐ ሹራብ ጀመሩ። ዳንቴሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቷል። እኛ በየማታው መዳፋችንን አስመትተን እየገባን ዓይናቸውን ማየት እንፈራለን። ያ መሸሸግ እንዴት ሰላም እንደነሣኝ! ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፣ ቀን ሰው ሲጠራኝ እደነግጣለሁ።

ገና ሲቃረብ አንድ ማታ እንደልማዳችን ተቀምጠናል። የጦሩ ፕሮግራም ተጀመረ። ወታደሮች ክብ ሠርተው ተቀምጠው ኮቾሮ ይበላሉ። እትዬ አስካለ «መጣልኝ!» ብለው ተንበረከኩ። ከኋላ አንዱን ወታደር ጀሪካን አደናቀፈው። ተንገዳገደ። ሁሉም ሳቁ። ፍስሐ አውራ ጣቱን ወደ ቅንድቡ ሰደደ።

የእትዬ አስካለ ጀርባ ደረቀ። ምስሉ አለፈ፣ ሌላ መጣ፤ እሳቸው እንደተንበረከኩ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድን ፊልም ከሰዓትም ማታም ሲደጋገም ያዩ ሰው እኮ ናቸው። ቀስ ብለው ተነሡ። ቴሌቪዥኑን አጠፉት። ቁም ሣጥኑን ከፍተው ዳንቴሉን አወጡ፣ ዘረጉት፣ ጠርዙን በሁለት እጃቸው አስተካከሉ። ከዚያ ዞሩ።

«ወልዴ» አሉ። «ምን አላሳዩንም?»

ጋሽ ወልዴ ተነሡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«መቼ?»

«ከክረምት በፊት።»

«ከክረምት በፊት» ብለው ደገሙ እትዬ አስካለ። «እኔ በመስቀል እልል ያልኩት…» አልጨረሱትም። እናቴ ሮጣ ያዘቻቸው።

በነጋታው ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለ። ጓድ አሰፋ እየተጣደፈ መጣ። ከበላይ የመጣ ማረጋገጫ የለም፣ ያልተረጋገጠ ለቅሶ ሕዝብ ያሸብራል፣ ድንኳኑ ይነሣ አለ። «ደግሞ ልጁን እኮ በቴሌቪዥን አይተውታል!»

እትዬ አስካለ ቀና አሉ። «አዎ፣ አይቼዋለሁ። አንተም አይተኸዋል። እስቲ ሂድና አምጣልኝ።»

ጓድ አሰፋ የሸሚዙን የአንገት ቁልፍ ፈታ። ከዚያ ሄዶ ከድንኳኑ ጫፍ፣ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ድንኳኑን ማንም አላነሣውም።

ከዐርባው በኋላ እትዬ አስካለ ቴሌቪዥኑን መልሰው ከፈቱት። አይከፍቱትም ብለን ነበር። በሩ ላይ ቆመው «ትኬት!» አሉን፣ ድምፃቸው ሻክሯል። ጥያቄያቸው ግን ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ ዳንቴሉን ሲያለብሱ የሚሉት «ይሄን መቼ ነው ያነሡት?» ሆነ። ወታደር ሲታይ ደግሞ ተጠግተው እያንዳንዱን ፊት ያያሉ። «ይሄ የማን ልጅ ይሆን? እናቱ እያየችው ይሆን?» ይላሉ። እኛም ከእሳቸው ጋር እያንዳንዱን ፊት ማየት ለመድን።

ታክሲው የት እንደደረሰ አላውቅም። ቪዲዮውን ከፈትኩት።

እትዬ አስካለ ናቸው። ኮንዶሚኒየም ቤት ውስጥ፣ የማን ልጅ ልደት እንደሆነ እንጃ፣ ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል። አርጅተዋል፣ ግን ዓይናቸው ያው ነው። አንዱ ኬክ በሶፍት ያቀብላቸዋል። እያወሩ ሶፍቱን ለሁለት ቀደዱትና ግማሹን ወደሚቀርጻቸው ሰው ዘረጉ። እጃቸው ከስልኩ ወጥቶ ወደ እኔ የመጣ መሰለኝ። ታክሲ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። ለአንድ አፍታ፣ እውነቴን ነው፣ አሉ ብዬ አመንኩ። እንዲያውም ቅዳሜ ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ ብዬ አሰብኩ።

ቡድኑ ላይ ጻፍኩ፦ «ይሄን መቼ ነው ያነሣችሁት?»

የሚያለቅስ ፊት ላኩልኝ። ልብ ላኩልኝ። አንዱ የተጣመሩ እጆች ላከ። መቼ እንደሆነ የነገረኝ የለም። ስልኩን አጠፋሁት፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስኩ።

«ወራጅ አለ!» አልኩ።